ለዘሃራ ፎቶ የምነግራት እኔ ነበርኩ

ወደ ጀርመን ልሄድ ከሸዋ ሮቢት የወጣሁ ዕለት ገና አልነጋም ነበር፤ የእኛ አገር ሙቀት ግን ፀሐይን አይጠብቅም። እናቴ አንዱን ክራንቼን ታቅፋ ሚኒባሱ ድረስ ሸኘችኝ። "እዚያ ብርድ ነው አሉ፣ እግርህን ሸፍን" አለችኝ፤ በልጅነቴ ፖሊዮ የያዘውን እግሬን ማለቷ ነው። ደብረ ሲና ስንደርስ በረደኝና መስኮቱን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ ሞቆኝ አያውቅም።

መንገድ ላይ ያለቀስኩት ግን ለእናቴ ብቻ አይደለም፤ ለዘሃራም ነው። ዘሃራ የጀውሃ ልጅ ናት፣ ዓይነ ስውር፣ ዩኒቨርሲቲ ከእኔ ሁለት ዓመት ዝቅ ብላ የምትማር። እኛ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን፤ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ድምፅ የተላከ እንደሆነ አንዱ መስማት ለተሳናቸው ይጽፈዋል፣ ፎቶ የተለጠፈ እንደሆነ አንዱ ለማያዩት ምን እንዳለበት ይጽፋል። ዲፓርትመንቱ ደግሞ ማስታወቂያውን ሁሉ በፎቶ ነው የሚለጥፈው። የዘሃራ ስልክ ጽሑፍ ያነብላታል፣ ፎቶ ላይ ሲደርስ ግን "ምስል" ብሎ ዝም ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነበር። "ደሴ፣ ምን ይላል?" ትለኛለች በድምፅ፣ ደሳለኝን አሳጥራ፤ ምሳዬን ትቼ እጽፍላታለሁ።

ጀርመን ለትምህርት ገባሁ። ቤት ስፈልግ አከራይዋ ሴትዮ "ሊፍት የለንም፣ ግን አራተኛ ፎቅ ስለሆነ አየሩ ንጹሕ ነው" አሉኝ። "እዚያ እስክደርስ የራሴ አየር ያልቃል" ብላቸው፣ "ቀስ ብለው ይውጡ፣ የሚሮጥ ተከራይ አልወድም" አሉ። ገባሁበት፣ ምን አማራጭ አለኝ። ቲማቲሙ እንደ ጌጥ ያምራል፣ ስትቆርጡት ግን ሽታ የለውም። የእኛን ማሾ ወጥ ያማረኝ ቀን የማዋየው ሰው የለኝም።

እኔ ከሄድኩ በኋላ ሀብታሙ የሚባል ልጅ ግሩፑ ውስጥ ገባ። የካራቆሬ ልጅ ነው፣ መስማት የተሳነው። ፎቶ የመግለጹን ሥራ ሳይጠየቅ ያዘው። እኔ "ገበያ ነው፣ ማንጎ ይሸጣል" ብዬ የማልፈውን እሱ ሻጯ ጫማዋን አውልቃ መቀመጧን፣ ገዢው ፊቱን ማጨፍገጉን ሁሉ ይጽፋል። ዘሃራ ድምፅ ብትልክለት ስለማይሰማ መጻፍ ለመደች። ለእኔ አንድ መስመር ጽፋልኝ አታውቅም፤ ለእሱ በረዥሙ። ቅናት ያዘኝ፣ ምን ልደብቃችሁ።

አንድ ቀን የመስኮቴን በረዶ ፎቶ አንስቼ፣ ገለጻውን አሳምሬ ጽፌ ለጠፍኩ። ዘሃራ "ያምራል" ብላ አለፈች። ሀብታሙ ከሥሩ "ደሴ ያልጻፈው፦ ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ ብቻ ነው ያለው" ብሎ ጨመረ። እሷም "ብቻህን ነው እንዴ የምትበላው?" ብላ ጻፈች። ማን የእኔን ጠረጴዛ እይልኝ አለው? አድሚኑ እኔ ነኝ፤ አስወጣሁት። "ደሳለኝ ሀብታሙን አስወጣ" የምትለዋን፣ ቴሌግራም ራሱ የሚጽፋትን መስመርም ወዲያው አጠፋኋት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ቀጠሮ ነበረኝ፤ ስልክ ይዘጋ ተብሏል። ጸሐፊዋ "አካል ጉዳትዎ አሁንም አለ?" አለችኝ።

"አለ።"

"ካመለከቱ ወዲህ ለውጥ አለው?"

"እግሬን ጠይቄው ነበር፣ እስካሁን አልመለሰልኝም።"

"መልስ አልተገኘም" ብላ ጻፈች።

ወጥቼ ስልኬን ስከፍት አንድ ማስታወቂያ በፎቶ ተለጥፏል። የዛሬ ከሰዓቱ ፈተና ወደ ረፋድ አምስት ሰዓት ተዛውሯል ይላል። ያዩት ልጆች እየሮጡ ሄደዋል፤ ከሥሩ የጻፈ የለም። የዘሃራ ድምፅ ብቻ አለ፤ "ምስል ነው የሚለኝ። ማን አለ? ደሴ፣ ምን ይላል?" ደግማም ጠይቃለች።

ደወልኩላት።

"ፈተናው አመለጠኝ" አለች። "ድጋሚ ይስጡኝ አይስጡኝ እንጃ።"

"ቢሮ ነበርኩ፣ ስልክ አስዘግተውኝ።"

"አንተንማ ምን አደርግሃለሁ፣ ሩቅ ነህ። ሀብታሙን መልሰው።"

"እሱ ደሞ ምን ሆኖ ወጣ?" አልኳት።

ከጀርባዋ የባጃጅ ጡሩምባ ይሰማኛል።

"መስመሯን አጥፍተሃታል" አለች። "ወላሂ ፈጥነሃል። ግን ሳታጠፋት ስልኬ አንብቦልኛል፣ ስምህን ጠርቶ። ራስህ ትመልሰዋለህ ብዬ ሦስት ቀን ጠበቅኩህ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"በሰው ፊት ላዋርድህ?"

የዚያኑ ሰዓት መለስኩት። ሀብታሙ አንድም ነገር አልጠየቀም። መጀመሪያ ያደረገው ያንን ያለፈበትን የፈተና ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች፣ ቀኑንም ማህተሙንም ሳይቀር መጻፍ ነው። ዘሃራ "አመሰግናለሁ ወንድሜ" ብላ ጻፈችለት። ይህን ሁሉ ጥፋት ሠርቼ እንኳ ቀናሁ።

ማስታወቂያ አሁንም ይለጠፋል። እኔም ቀድሜ አይቼው ጣቴን ሰብስቤ እስክትጠይቀኝ እጠብቃለሁ። "ደሴ፣ ምን ይላል?" ከዚያ ወዲህ ግን ብላኝ አታውቅም።