አክስቴ የመረቁት ወንበር

ያን ሰውዬ መጀመሪያ ያየሁት ለቅሶ ቤት ነው። የአክስቴ ባል አርፈው፣ ዳላስ ቪከሪ ሜዶ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርትመንታቸው ለለቀስተኛው አልበቃ ብሎ፣ የግቢው ማኔጅመንት ከመዋኛ ገንዳው አጠገብ ያለችውን አዳራሽ ፈቅዶልን ነበር። እኔ ጥቁር ለብሼ ሻይ አዞራለሁ። በሩ ተከፈተና አንድ ረጅም ፈረንጅ አንድ ካርቶን ውሃ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ገባ። ከኋላው የኮሚዩኒቲው አስተባባሪ ነኝ የሚል ከረባታም ወገናችን፣ ከሱ ኋላ ደግሞ ካሜራ ያንጠለጠለች ልጅ። ካሜራ! ለቅሶ ቤት! በስመ አብ።

ፈረንጁ ውሃውን አስቀመጠ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። ማንም አውልቅ አላለውም። ቤቱ ሁሉ «ውይ፣ እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው!» እያለ ተንሾካሾከ። ለቅሶ ቤት አይዘጋ፤ የመጣን ሰው ማን ጠራህ አይባል። ይሄን ያስጠናው ከረባታሙ ነው። ሀበሻን አንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ይሉኝታ አስሮት የምታገኘው ለቅሶ ላይ ነው ብሎ መክሮት መሆን አለበት።

የሰውዬውን ታሪክ የሰማሁት ኋላ ነው። ሲጀምር የመኪና ኢንሹራንስ ሻጭ ነበር። መጀመሪያ ለትምህርት ቤቶች ቦርድ ተወዳደረ፤ ልጅም የለው፣ ወደቀ። ቀጥሎ ለሰፈር ዳኝነት ተወዳደረ፤ ሕግም አልተማረ፣ ወደቀ። ሰው ወንበር የሚፈልገው ሊሠራበት ነው። እሱ ግን ወንበር ይሁን እንጂ የምን ወንበር እንደሆነ ደንታም አልነበረው። ሦስተኛው ሙከራው ለዳላስ ከተማ ምክር ቤት ነበር፣ የእኛን ሰፈር ወክሎ። ለዛ ምርጫ ብዙ ሰው አይወጣም፤ ስለዚህ አንድ ትልቅ የአፓርትመንት ግቢ ነቅሎ ከወጣ ወንበሩን ይሰጣል። ለዚህ ነው የእኛን ለቅሶ ማሳደድ የጀመረው።

አክስቴን እትዬ ነው የምላቸው። እናቴ በልጅነቴ ሞታ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ አሜሪካም ያመጡኝ እሳቸውና ባላቸው። ልጅ አልወለዱም። ምርቃታቸው ግን በሰፈሩ የታወቀ ነበር። ሥራ የሚጀምረው፣ የሚያገባው፣ ለዜግነት ፈተና የሚቀርበው ሁሉ መጥቶ ጉልበታቸው ላይ ይደፋል። ግድግዳ የሚጋሯቸው የወሎዋ ሙስሊም ጎረቤታቸው እንኳ ልጇ የታክሲ ፈቃድ ያወጣ ቀን መጀመሪያ ያመጣችው እሳቸው ጋ ነው። እኔ ሆስፒታል በረዳትነት እየሠራሁ ለነርስነት እማር ነበር። «ጨርሰሽ ነይ፤ ለዛን ቀን የሚሆን ምርቃት አስቀምጬልሻለሁ» ይሉኝ ነበር። ስንት ጊዜ ልተወው ስል የመለሰኝ ያ ቃል ነው።

ያን ቀን ከረባታሙ ጆሮው ላይ ሹክ አለውና ሰውዬው እትዬ እግር ሥር ተንበረከከ፤ «ለምክር ቤት ወንበር ሊወዳደር ነው፣ ይመርቁት» አላቸው ከረባታሙ። እትዬ ደነገጡ። ባላቸውን ቀብረው ገና ዓይናቸው አልደረቀም። ግን የተንበረከከ ሰው አይገፋም፤ ሁለት እጃቸውን ራሱ ላይ ዘረጉ።

«የተመኘኸውን ወንበር ይስጥህ። የሰጠህን ወንበር ያጽናልህ። ከክፉ ይጠብቅህ።»

«አሜን» አልን ሁላችንም። ካሜራው ብልጭ አለ።

ከዛ እትዬ አንድ ነገር ለመኑት፤ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ያኔ ግቢው ሊሸጥ ነው፣ ሊፈርስ ነው የሚል ወሬ ነበር። እትዬ መኪና አይነዱ፣ እንግሊዝኛቸው ከ«ሃው አር ዩ» አያልፍ። ግን ከዛ ግቢ በእግራቸው አውቶቡስ ይደርሳሉ፣ በአውቶቡሱ ቤተ ክርስቲያን ይደርሳሉ፤ የወሎዋን ጎረቤታቸውን ደግሞ ግድግዳ መታ አድርገው ይጠሯታል። በዚህ ሁሉ አገር እንደ ሰው የሚኖሩበት ቦታ ያቺ ብቻ ነበረች።

«ይቺን ቤቴን አታስነካብኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አሉት።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «እኔ ወንበሩ ላይ እስካለሁ ድረስ ማንም አይነካዎትም» አለ። እኔም አምኜው ተረጎምኩላቸው።

አሸነፈ። ታክሲ ነጂዎቻችን አዛውንቱን ከየደጃቸው እየጫኑ ሲያመላልሱ ዋሉለት። እትዬም በቅርቡ ዜግነት አግኝተው ስለነበር በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ድምፅ ለሱ ሰጡት። «አየሽ፣ ሰጠው እኮ!» አሉኝ፣ የወለዱት ልጅ የተሾመ ያህል ደስ ብሏቸው።

ከዛማ ምን ይጠየቃል! በሁለተኛው ምርጫ ተቃዋሚ እንኳ አልቀረበበትም። የእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ነጠላ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ መድረክ ወጣና፣ ሸሚዙ ውስጥ ንብ እንደገባችበት ሰው ትከሻውን አንዘፈዘፈ። ሰዉ በእልልታ አቀለጠው። ለኢድ ደግሞ ቆብ አድርጎ መስጊድ ደጅ ቆመ። አንድ ቀን አንዲት እናት ያጎረሱትን ዞር ብሎ ሶፍት ላይ ተፍቶ ኪሱ ሲከት በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ። ወዲያው ዞሮ ሆዱን እያሻሸ «ጣፋጭ!» አላቸው። ለሰዎች ብናገር ማን ይሰማኛል? «እሳቸው ባይኖሩ ማን ያውቀን ነበር?» ይሉኛል። እሳቸው! እኔ እንኳን አንቱ ልለው፣ አንተም ይበዛበታል።

ባንኮቹ በየተራ በተንኮታኮቱበት ዓመት፣ ሰዉ ሁሉ ስለ ሥራው ሲጨነቅ፣ የግቢው በሮች ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ግቢው ተሽጧል፤ ገዢው አፍርሶ ሱቅና ውድ ቤት ሊሠራበት ነው፤ የቀረው የምክር ቤቱ ፈቃድ ብቻ ነው። እኔ ቢሮው ደጋግሜ ኮል ባደርግ መልእክት ተቀባዩ ማሽን ነው የሚያናግረኝ። ከረባታሙን ብጠይቀው «አትቸኩሉ፣ ከውስጥ ሆነው እየታገሉላችሁ ነው» አለኝ። እትዬ ደግሞ ጭራሽ አልደነገጡም።

«ልጄ አለ አይደል» አሉ። ልጄ!

ምክር ቤቱ ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ከሥራ ኦፍ ወሰድኩና እትዬንና የወሎዋን ሴትዮ ይዤ ሄድኩ። ነዋሪ መናገር ይችላል ተባለ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ማይክሮፎኑ ፊት ቆሙ። «ልጄ፣ ቤቴን አታስነካብኝ ብዬህ ነበር» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ተረጎምኩ። ሰውዬው ስልኩን እየነካካ ነበር። ቀና ብሎ ፈገግ አለ፣ አመሰገናቸው። ከዛ ሰፈሩ ማደግ አለበት፣ አሮጌው ሄዶ አዲሱ መምጣት አለበት አለና፣ ይፍረስ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው እሱ ራሱ ሆነ። እኔ ሞኟ ሌላ ሰው ያቀርበዋል፣ እሱ ቢያንስ አፍሮ አንገቱን ይደፋል ብዬ ነበር። መጀመሪያ እጁን ያወጣውም እሱ ነው።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ።

«ይፍረስ አለ።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ እትዬ! የእርስዎ ሰው።»

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» አለች የወሎዋ ሴትዮ፤ እትዬ ግን እጁን ነበር የሚያዩት።

ኮሪደሩ ላይ ስንደርስ ሮጦ መጥቶ አቀፋቸው። ዓይን አውጣ! «እኚህ እናቴ ማለት ናቸው» አለኝ፣ ፊቱን ያዘነ አስመስሎ። የተሻለ ቦታ እንፈልግላቸዋለን አለ። አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ ሲባል እሰማ ነበር እንጂ እንዲህ ቀርቤ አይቼ አላውቅም። ሽቶው ነጠላቸው ላይ ቀርቶ፣ ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላም ይሸተኝ ነበር።

ግቢው ተበተነ። የወሎዋ ሴትዮ ካሮልተን የሚባል ሌላ ከተማ ልጇ ጋ ገባች፤ ወደዛ የሚሄደው ባቡር ገና እየተሠራ ስለነበር እሷም እዛው ታጎረች። እትዬ እኔ ወደምኖርበት ሌላ ከተማ፣ ፎርት ዎርዝ መጡ። እኔ ደብል ሺፍት ስሠራ እሳቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ፓርኪንጉን ሲያዩ ይውላሉ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እኔ እሑድ ኦፍ ከሆንኩ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ሲረሱት ግድግዳውን መታ መታ ያደርጉና መልስ ሲያጡ እጃቸውን ይሰበስባሉ። «እስረኛ እንኳ ጠያቂ አለው» አሉኝ አንድ ቀን፣ ቀልድ አስመስለው።

ሦስተኛው ምርጫ ሲቃረብ በርበሬ ልንገዛ ዳላስ ወደ ሀበሻ ሱቅ ሄድን። ካሸሩ አጠገብ በአማርኛ የታተመ የምርጫ ወረቀት ተከምሯል። ወረቀቱ ላይ እትዬ አሉ! ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው በልቅሶ አብጦ፣ እጃቸውን ሰውዬው ራስ ላይ ዘርግተው። ከሥሩ «እናታችን የመረቁት» ይላል። ባላቸውን በቀበሩ ማግስት፣ በሐዘናቸው ላይ የተነሣ ፎቶ! ደሜ ፈላ። ክምሩን አፍሼ ልወስድ ስል አንዲት ሴት እትዬን አየቻቸው።

«ውይ፣ እርስዎ ኖት እንዴ? እኔ እኮ የእርስዎን ምርቃት አይቼ ነው የምመርጠው» አለችና እጃቸውን ስማ ሄደች።

እትዬ የተሳመውን እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉት። ከዛ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ሆነ ወሬያቸው። «ውሰጂኝ። በድምፄ ያወጣሁትን በድምፄ ላውርደው።»

እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ድምፅ የሚሰጠው እዛ ሰፈር የሚኖር ሰው ነው። እትዬ አሁን የፎርት ዎርዝ ነዋሪ ናቸው፤ የወሎዋ ሴትዮ የካሮልተን። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ሁሉ ከሰውዬው ክልል ወጥቷል። ሊያወርዱት የሚችሉትን ሰዎች ነው ያፈናቀለው! አስቦበት ይሁን ሳያስበው ቀንቶት፣ እሱን እግዜር ይይለት።

ነገርኳቸው። ሰምተው ጨረሱና «ቢሆንም ውሰጂኝ» አሉ።

የምርጫው ዕለት ወሰድኳቸው። ምርጫ ጣቢያው ደጅ ፓርክ ሳደርግ ሰውዬው ከከረባታሙ ጋር ቆሞ የመጣውን ሁሉ እጅ ይጨብጣል። እትዬን ሲያይ ፊቱ በራ። «ማዘር!» ብሎ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከ። ባለካሜራዋም ልጅ ተሯሯጠች።

እትዬ እጃቸውን አልዘረጉም።

«ያን ጊዜ የሰጠሁህን መልስልኝ» አሉት። «ምርቃቴን መልስልኝ።»

ቃል በቃል፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተረጎምኩ። ሰውዬው እንደተንበረከከ ቀና ብሎ ከረባታሙን አየው።

«እማማ ደግሞ! ምርቃት ይመለሳል እንዴ?» አለ ከረባታሙ እየሳቀ።

«ቃልስ ይታጠፋል እንዴ?» አሉት።

ሰውዬው ጉልበቱን አራግፎ ተነሣና ከኋላችን የመጣውን ሰው እጅ ጨበጠ።

አሸነፈ። ከበፊቱ በሰፋ ድምፅ አሸነፈ። ጠዋት ቁርስ ላይ ስነግራቸው እትዬ ዳቦውን ሳህኑ ላይ መለሱት።

«ያጽናልህ ብዬው የለ» አሉ። «ለቤቴ ስንት ዓመት ጸለይኩ፣ አልሰማኝም። የሱን አንድ ቀን ብናገር ሰማኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ያሸነፈው በወረቀትና በካሜራ ነው» ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደነገሩ ቀመሱና ወደ መስኮታቸው ሄዱ።

ሰውዬው አሁን ደግሞ ከዛ ከፍ ላለ ወንበር ሊወዳደር ነው ይላሉ። ይወዳደር፣ ምን ቸገረኝ፤ ከሱ የማልጠብቀው ነገር የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የዛኑ ዓመት የነርስነት ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱን ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አየሁና ብቻዬን ጮህኩ። ቤት እስክደርስ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም። የሥራ ልብሴን እንኳ ሳላወልቅ ሄጄ እትዬ ጉልበት ላይ ተደፋሁ። ያስቀመጡልኝን ጠበቅሁ። ራሴ ላይ ምንም አላረፈም። ቀና ስል ሁለቱም እጆቻቸው ነጠላቸው ውስጥ ናቸው።

«እትዬ፣ አለፍኩ እኮ! ይመርቁኝ እንጂ።»

«ሰማሁ ልጄ፣ እሰይ» አሉ፤ እንባቸው እየወረደ። «ግን ተይኝ። እኔ ከእንግዲህ አፌን ፈራሁት።»

«ለእኔም?»

«ላንቺማ ይብስብኛል» አሉና በክንዳቸው ትከሻዬን ገፋ አደረጉኝ። «ተነሽ በይ፣ እህል ቅመሺ።»