ያንተ ከላይ ነው

ሸሕዲ ከተማ የሰሊጥ ጆንያ ጫኝ ነኝ። ጎንበስ ባልኩ ቁጥር የበላሁት ጉሮሮዬ ድረስ እየተመለሰ ቃር ሲለበልበኝ ዓመታት አለፉ። መድኃኒቱም ሰለቸኝ። ጎንደር ሄጄ በመሣሪያ ታየሁና ሐኪሙ፣ «ሄርኒያ ነው፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልግሃል» አለኝ።

እኛ ጫኞች ሄርኒያ የምንለው ቡአን ነው፤ ብልት የሚያሳብጠውን። ከጉሮሮዬ ጋር ምን እንዳገናኘው አፍሬ አልጠየቅሁም። ለሚስቴ ብነግራት አለቀሰች። እኔ ግን ቆርጬ ነበር።

የቀጠሮው ቀን የምርመራው አልጋ ላይ እንደወጣሁ ቀበቶዬን ፈትቼ ሱሪዬን ዝቅ አደረግሁና ዓይኔን ጨፍኜ፣ «ዶክተር፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ይበቁኛል። ቁረጡት!» አልኩ።

ነርሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወጣች።

«ኧረ ታጠቅ ወንድሜ! ያንተ ከላይ ነው» አለ ሐኪሙ። «ሆድና ደረትን በሚለየው ጡንቻ ቀዳዳ የጨጓራህ ጫፍ ሾልኮ ወደ ደረትህ ወጥቷል። ወደ ታች እንመልሰውና ቀዳዳውን እናጠባለን። ከዚያ አሲዱ እንዳይመለስ ጫፉን በምግብ ቧንቧህ ዙሪያ እንጠመጥመዋለን። የጆንያ አፍ እንደማሰር ቁጠረው።»

ጆንያ ማሰርማ የእኔ ሥራ ነው! ወዲያው ገባኝ። ቀበቶዬን እንኳ ሳላጠብቅ ለሚስቴ ደወልኩ።

«ከላይ ነው!» ስላት እልልታውን አቀለጠችው።