እህቴ ድምፅዋን ያጣች ሰሞን

እህቴ በየማለዳው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ትደውልልኛለች። በአሥር ዓመት ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። እሷ ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፤ ልጆቿ አግብተው ክፍለ ሀገር ናቸው። እኔ ደግሞ አቃቂ በሰቃ፣ አባታችን ባቡር ጣቢያ ሲሠራ በገባበት የቀበሌ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር አለሁ። ሁለት ታክሲ ከተያዘ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ለዓመታት ከበዓል በዓል ካልሆነ ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር። የምንገናኘው በስልክ ነው።

"እዛ ዘነበ?" ትለኛለች፣ ገና ደህና አደርክ ሳትለኝ።

"አንጠባጠበ እንጂ አልዘነበም። እዚያስ?"

"እዚህማ ሲያወርደው ነው ያደረ። በረንዳዬ ኩሬ ሆኗል።"

ከዝናቡ ወደ በሽታ እናልፋለን። እሷ ሳይነስ አለባት፤ ሰማዩ ሲዳምን ግንባሯን ጨምድዶ ይይዛታል። እኔ ጨጓራ አለብኝ። በዚያ ላይ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን እንደ ሚስማር የሚወጋ ነገር ጀምሮኛል፤ ጥቂት ስራመድ ይተወኛል።

"ተልባውን ጠጣህ?"

"ጠጣሁ።"

"በባዶ ሆድ?"

"ሻይ ቀድሜ ነበር።"

"እንግዲያው አልጠጣህም በለኝ" ትልና ወደ ውሃ ትሻገራለች። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ እሷ ፎቅ ላይ ደግሞ በፈረቃውም ቀን ግፊቱ አልደርስ ይላል። ከውሃ ወደ መብራት፣ ከመብራት ወደ ሽንኩርት ዋጋ እንሄዳለን። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉንም ጨርሰን "በል ደህና ዋል" ትለኝና ትዘጋዋለች። ባለቤቴ ቁርስ እያቀራረበች "እናንተ ሰዎች የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ብትቀጠሩ ይሻላችሁ ነበር" እያለች ትስቃለች። ለምን ሌላ ወሬ እንደሌለን ግን እሷም ታውቀዋለች።

ነገሩ የእናታችን ነገር ነው። እናታችን በታመመችበት ዓመት እኔ አዳማ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት ማሽኑ ላይ አስሬ እያዞርኩ የመኪናና የወፍጮ ዕቃ አወጣለሁ። ሕመሟ የጀመራት በአንደበቷ ነው። አንድ ጠዋት ልትናገር ስትል ምላሷ ተሳሰረ፣ ከዚያ ግራ ጎኗ ተከተለ። እትዬ ወደ ቤቷ ወሰደቻትና አራተኛ ፎቅ ድረስ በሰው ሸክም አወጣቻት። አጠበቻት፣ አጎረሰቻት፣ አገላበጠቻት። እኔ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ብቅ እልና አንድ ሰዓት ተቀምጬ እመለስ ነበር። እናቴ ሞታ ስመጣ ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። እትዬ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችኝና ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ "አሁን መጣህ? አሁንማ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ።

ቀብሩ እንዳበቃ ሠልስቱን እንኳ ሳልጠብቅ አዳማ ገባሁ።

ከሁለት ዓመት በላይ ተኳርፈን ቆየን። ወደ አቃቂ ተመልሼ እዚሁ ወርክሾፕ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው ሽማግሌ የገባው። የንስሐ አባቷና ሁለት የዕድር ሰዎች መሀላቸው አስቀምጠውን ይቅር ተባባሉ አሉን። እኔ ጉልበቷን ሳምኩ፣ እሷ አነሳችኝ፣ ተቃቅፈን አለቀስን። ስለ እናታችን ግን አንዳችንም ቃል አልተነፈስንም። በማግስቱ ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

"እዛ ዘነበ?" አለችኝ።

ጥር ወር ነበር። ሰማዩ ላይ የመዳፍ ያህል ደመና አልነበረም። "አልዘነበም እትዬ" አልኳት። እሷም "እዚህም አልዘነበም" አለችና ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ቀጠልን። ስለ ዝናብና ስለ ጨጓራ ማውራት የማይጣሉበት ወሬ ነው። ሁለታችንም ከዚያ ካለፍን ወዴት እንደምንደርስ እናውቀው ነበርና አናልፍም።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ማለዳ ስልኬ ሳይጮህ ቀረ። ኔትወርክ ነው ብዬ ሥራዬ ሄድኩ። በማግስቱም አልደወለችም። መደወል እችል ነበር፤ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድም ቀን ቀድሜ ደውዬላት አላውቅም። ኩራት ይሁን ፍርሃት፣ ዛሬም ለይቼ መናገር አልችልም። ያን ቀን ማሽኑ ላይ ቆሜ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበርና የመቁረጫውን ጫፍ ሰበርኩት። ምሳ ሰዓት ላይ እንደምንም ብዬ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

"ሃሎ፣ እትዬ?"

መልስ የለም። ትንፋሿ ግን ይሰማኛል።

"እትዬ! ምን ሆነሻል? ተናገሪ እንጂ!"

የሆነ ነገር ሁለት ጊዜ ኳኳ አለና ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አልተነሳም። የእናታችን ሕመምም እንዲሁ ነበር የጀመረው። እጄን በኦሞ ፈትጌ፣ አለቃዬን "ቤተሰብ ታሞብኝ ነው" ብዬ ወጣሁ።

አቃቂ ፀሐይ ነበር። ቱሉ ዲምቱ ስንደርስ ሰማዩ ጠቆረ። የኮዬን ታክሲ ከያዝኩ በኋላ የሚወርደው ዝናብ መስኮቱን ጋረደው፤ ሹፌሩ በሰው እርምጃ ፍጥነት ነበር የሚነዳው። ጎኔ የተቀመጠች ሴት ስለ ጎርፉ የሆነ ነገር ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም። አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው፤ እሷም እንደ እናቴ ዝም ብላ ታየኝ ይሆን? ያንን ዓይን ዳግመኛ እንዴት አድርጌ ነው የምችለው?

ብሎኩ ደረጃ ላይ ስደርስ ምድር ቤት የምትኖር ጎረቤቷ ዝናቡን ለማጠራቀም ባልዲ እየደረደረች ነበር። አረማመዴን አይታ ገባት።

"ወንድማቸው ነዎት? አይደንግጡ፣ ድምፃቸው ነው የጠፋው!"

"እንዴት? ምን መታት?"

"ኧረ ምንም! ማክሰኞ ለት የውሃ ቦቴ መጣ። ከላይ ሆነው ቀድመው የሚያዩልን እሳቸው ናቸው። በዚያ ብርድ ዝናብ እየመታቸው፣ ብሎኩ ሁሉ እስኪሰማ 'ውሃ መጣ! ውሃ መጣ!' እያሉ ጮኹ። በማግስቱ ድምፅ የለም። ጤና ጣቢያ ሄደው አሥር ቀን አንድ ቃል እንዳይናገሩ ተብለዋል። ማንሾካሾክም ክልክል ነው።"

ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ከዚያ አራቱን ፎቅ ቀስ ብዬ ወጣሁት።

እትዬ ጋቢ ለብሳ፣ አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ተቀምጣ ነበር። ቤቱ ዳማ ከሴ ዳማ ከሴ ይሸታል። ፊት ለፊቷ ደብተርና እስክሪብቶ ተቀምጧል። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ እኔን ታናሿን ስታሳድግ ኖራ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ የምትጽፈው አንድ በአንድ፣ እየተጫነች ነው።

"ስራ ጥለህ መጣህ" ብላ ጻፈች።

"እና ምን ላድርግ? ጎረቤት አስደውለሽ ድምፄ ጠፋ ማለት አቅቶሽ ነው? በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው እንዴ?"

ብዙ ጊዜ ወስዳ ጻፈችና ደብተሩን ወደ እኔ አዞረችው። "ትመጣ እንደሆን ብየ" ይላል።

ሻይ አፈላሁና ሁለታችንም ብርጭቋችንን ያዝን። እንደ ልማዴ ጀመርኩ። አቃቂ ፀሐይ እንደሆነ፣ ቱሉ ዲምቱ ጎርፉ መንገዱን እንደሞላው፣ ተልባውን በባዶ ሆድ መጠጣት እንደጀመርኩ ነገርኳት። በስልክ አምስት ደቂቃ የሚወስደው ወሬ፣ የሚመልስ ሰው ሲጠፋ በሁለት ደቂቃ አለቀ። እሷ እያየችኝ ነው። ቁጣም ፍርድም የለበትም፤ ሌላ ማድረግ ስለማትችል ብቻ ታዳምጠኛለች። እንዲህ ሆና ስታዳምጠኝ አይቻት አላውቅም።

"እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔንም ገረመኝ። "እናታችን ከመሞቷ ሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ለት መጥቼ ነበር። ብርቱካን ይዤ። ይኼ በር ላይ ቆምኩ። አንቺ ውስጥ ሆነሽ እያጫወትሻት ነበር፤ ሳቅሽ ይሰማኛል። ላንኳኳ እጄን አነሳሁ። ከዚያ ፊቷ ታወሰኝ። በመጨረሻ የመጣሁ ለት እጄን ይዛ የሆነ ነገር ልትነግረኝ ስትታገል፣ ሲያቅታት እንባዋ ሲወርድ... አልቻልኩም እትዬ። ብርቱካኑን ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ። ሥራ በዝቶብኝ አልነበረም። ፈርቼ ነው።"

አላየኋትም። ሻዬን ነበር የማየው። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ።

"ብርቱካኑ ያንተ ነው"

"የእኔ ነው።"

"ጎረቤት መስሎኝ ስመርቅ ነበር። ጨምቄ ሰጠኋት። ጠጣችው"

አንብቤ ስጨርስ ማልቀሴን አላወቅኩም ነበር። እትዬ ደብተሩን ከእጄ ወስዳ እንደገና ጻፈች፣ ቆመች፣ ጻፈች። አንድ ገጽ ሙሉ ሊሆን ምንም አልቀረው። እንዲህ ይል ነበር፦ አንድ ቀን እናታችንን ገበያ ደርሼ ልምጣ ብላት ወጣች። ገበያ ግን አልሄደችም። አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ተቀምጣ እስከ አመሻሹ ድረስ የሚወጣ የሚወርደውን ሰው ስታይ ዋለች። ልቧ አልመለስ አላት። ስትመለስ እናታችን ከአልጋ ወድቃ ወለሉ ላይ አገኘቻት። ለማንም አልተናገረችም። መጨረሻው ላይ ለብቻው "አንተ ላይ የጮህኩት በራሴ ተናድጄ ነው" የሚል ነበር።

"እትዬ..." ስል እጇን አንስታ አፌን ያዘችኝ። ራሷ የታዘዘችውን ዝምታ ለእኔም ማዘዟ ነበር መሰለኝ። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ወጥ ቤት ጠቆመችኝ። አጥሚት እንድሠራላት ነው። በሕይወቴ አጥሚት ሠርቼ አላውቅም። እሷ ጎኔ ቆማ በማንኪያ ድስቱን እየመታች ታዘኛለች፤ አንድ ጊዜ ስትመታ አማስል፣ ሁለት ጊዜ ስትመታ እሳቱን ቀንስ። እኔ ሁለቱን እያምታታሁ አጓጎልኩት። ቀምሳው ፊቷን አጨማደደች፣ ግን ጨረሰችው።

አሥሩን ቀን ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አመሽ ነበር። ባለቤቴም ሁለት ቀን አብራኝ መጣች። እኔ አወራለሁ፣ እትዬ ትጽፋለች። ይህን ያህል ተናጋሪ መሆኔን አላውቅም ነበር። ስለ አባታችን፣ ስለ አዳማ ኑሮዬ፣ ሳንጋባ በፊት ባለቤቴን እንዴት እንደፈራኋት ሳይቀር ዘከዘክኩት። እትዬ አንዳንዴ መሳቅ ስለማይፈቀድላት ትራሱን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ድምፅዋ ተመለሰ፤ ለብዙ ጊዜ እንደ ወንድ ጎርነን ብሎ ቆየ እንጂ። ደብተሩን እንድትሰጠኝ ስጠይቃት "ከሰል አያያዝኩበት" አለችኝ። ከፋኝ። በኋላ ሳስበው ግን የጻፈችው ለእኔ እንጂ ለማስቀመጥ አልነበረም፤ እኔም አንብቤዋለሁ።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን ወደ እናታችን መቃብር ሄድን። አብረን ስንሄድ ያ የመጀመሪያችን ነው። ሣሩ ጉልበት ድረስ አድጎ መቃብሩን ውጦታል። እትዬ ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለች፣ እኔም በሌላው ጫፍ ጀመርኩ። ስንነቅል እሷ ሳልጠይቃት ማውራት ጀመረች።

እናታችን የመጨረሻዎቹን ቀናት በቀኝ ጎኗ ነበር የምትተኛው፤ መስኮቱ በዚያ በኩል ስለሆነ። አጥሚት ሰልችቷት ነበር። ቅንጬ በወተት ግን አትጠግብም። እትዬ ፀጉሯን ስትሠራት ዓይኗን ጨፍና ታንኮራፋ ነበር። የላይኛው ፎቅ ልጆች ወንበር ሲጎትቱ በደህናው እጇ ኮርኒሱን እየጠቆመች ትቆጣለች። መድኃኒቷን የዋጠች መስላ ጉንጯ ውስጥ ትደብቀዋለች፤ እትዬ አፏን ስታስከፍታት ሁለቱም ይስቃሉ።

"መቼ ነበር ይሄ?" አልኳት።

"ያንተ ቅዳሜ ይሆናል" አለችኝ። "እየሳቅን ነበር አላልክም?"

ሣሩን ይዤ ቆምኩ። እሷ ወደ ራስጌው ዞራ መንቀሏን ቀጠለች። ሌላም ብዙ ነገረችኝ፤ ስለ ብርድ ልብሷ፣ ስለ ጥፍሯ፣ ሬዲዮ ላይ የትኛውን ሰዓት ትወድ እንደነበር። ፀሐዩ ሲበረታብን ወደ ዛፉ ጥላ ገባን፤ እዚያም ተቀምጣ ስትነግረኝ፣ እኔም ስጠይቃት እኩለ ቀን ሆነ።