ቤቱ ከመንገድ እንዲታይ

ይህ የደረሰብኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ የካቲት ላይ ነው። ቤት ሊሸጥ ያሰበ ጓደኛ ሁሉ «አንተ ሸጠህ አይተኸዋል፤ ምን ምን ላሰናዳ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ ልርሳው ብልም አልችልም። የቤቱን ካርታ አሳድስ፣ የመብራትና የውሃ ክፍያህን አጠናቅቅ፣ የተሰበረ መዝጊያ ካለ ጠግን እለዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬ እጽፈዋለሁ።

መተማ ዮሐንስ ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። ስመደብ የደብረ ታቦር ብርድ ያሳደገኝ፣ ሙቀት የማላውቅ ሰው ነበርኩ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ተከትላኝ መጣች። ልጃችንን የወለድነውም፣ ቤት የሠራነውም እዚያው ነው። ቤቱ ሦስት ክፍል ያለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ ነበር። ከፊቱ ደግሞ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ቆሞ ነበር።

ዛፉን የተከለችው እሷ ናት። ቤቱን በሠራንበት ዓመት ከጎረቤት ችግኝ ለምና አምጥታ ተከለችው። ያኔ ውሃ በአህያ እየመጣልን በጀሪካን ነበር የምንገዛው። እሷ ልብስ ያጠበችበትን ውሃ እያጠራቀመች ታጠጣዋለች። እኔ «ለሰው ያልበቃ ውሃ ለእንጨት!» እያልኩ አሾፍባታለሁ። በአምስት ዓመቱ የግቢውን ግማሽ ሸፈነው። እኔም ሹፈቴን ዋጥ አድርጌ ከሥሩ ተቀምጬ የተማሪዎቼን ፈተና ማረም ጀመርኩ።

መተማን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ከየካቲት ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል ድረስ ቀን ቤት ውስጥ አይዋልም። ቆርቆሮው ይግላል፣ ግድግዳው ይግላል፣ አልጋው ሳይቀር ይግላል። ሰው የሚውለው ጥላ ሥር ነው። ጥሩወርቅም አንገረብ የምንለውን የገመድ አልጋ ከኒሙ ሥር ዘርግታ፣ ከረፋድ እስከ ማታ ከዚያ አትነሳም። ምስር የምትለቅመው፣ እንግዳ የምትቀበለው፣ ከእኔ ጋር የምትጣላውም እዚያው ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ስፌቷን ይዛ ትመጣና አብረው ይውላሉ። የውስጡን ሳሎን የምንከፍተው ለበዓል ብቻ ነበር።

ከጊዜ በኋላ የጥሩወርቅ ደም ብዛት እያስቸገረ መጣ። ጎንደር ያያት ሐኪም ሙቀቱ እንደማይበጃት፣ ወደ ደጋ ይዣት ብወጣ እንደሚሻል ነገረኝ። እኔም ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ነበር የቀረኝ። ቤቱን ሸጠን ጎንደር ትንሽ ቤት ልንገዛ ተስማማን። ቢቻል ዋናው ሙቀት ሳይገባ እንድንወጣ ነበር ሐሳባችን።

ጎንደር ውስጥ የአጎቴ ልጅ ሙላት አለ፤ ሥራው ቤት ማሻሻጥ ነው። ደወልኩለት። ክፋት የለውም፤ ጊዜ ወስዶ ብዙ መከረኝ። ወረቀትህን አስተካክል፣ ግድግዳውን ቀባ፣ የማይረባውን ዕቃ ከግቢ አውጣ አለኝ። የነገረኝን ሁሉ እንደ ጎበዝ ተማሪ በደብተር ጽፌ አንድ በአንድ ፈጸምኩ። ከዚያ የቤቱን ፎቶ አንስቼ ላክሁለት።

ወዲያው መልሶ ደወለ። «ቤትህ የታለ? እኔ የማየው ጫካ ነው» አለኝ። ገዢ መንገድ ላይ ቆሞ በሩንና መስኮቱን ማየት አለበት፣ ፀሐይ የማይገባው ቤት ሰው አይወድም፣ ዛፉን አንሳው አለኝ። ለጎንደር እውነቱን ነው። በብርዱ ወር ፀሐይ የሚገባበት ቤት ይፈለጋል። እሱ መተማ የመጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ያውም በነሐሴ፣ ለልጄ ክርስትና።

ጥሩወርቅ ያን ሳምንት ለምርመራ ሄዳ ጎንደር ልጃችን ዘንድ ነበረች። ደውዬ ልነግራት ስልኩን አንስቼ ነበር። መልሼ አስቀመጥኩት። ረስቼው አይደለም፤ እንቢ እንደምትለኝ ስላወቅሁ ነው። ሳትመጣ ልጨርሰው፣ ቤቱ ቶሎ ሲሸጥ ራሷ ታመሰግነኛለች አልኩ።

ሁለት ከሰል አክሳዮች እንጨቱን ለራሳቸው ሊወስዱ ተስማምተው መጡ። ግማሽ ቀን አልፈጀባቸውም። ዘይነባ የመጥረቢያውን ድምፅ ሰምታ አጥሩ ጋ መጣች። ጥቂት አየችና «መምህር፣ ጥሩወርቅ ታውቃለች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ ተመለሰች።

በማግስቱ በሩን ሰማያዊ ቀባሁት። መንገድ ላይ ቆሜ ሳየው፣ እውነት ለመናገር፣ ቤቱ አማረብኝ። ፎቶ አንስቼ ለሙላት ላክሁ። «አሁን ቤት ሆነ» ብሎ መለሰልኝ። ቀኑን ሙሉ በኩራት ስንጎራደድ ዋልኩ።

ጥሩወርቅ በሦስተኛው ቀን በአውቶቡስ መጣች። ልቀበላት ብወጣም ቀድማኝ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ቆመች። መጀመሪያ ሰማያዊውን በር አየች፤ ቀጥላ ጉቶውን።

«ተሸጠ?» አለችኝ።

አልተሸጠም፣ አሁን ግን ከመንገድ ስለሚታይ ሰው ይመጣል አልኳት።

«እሽ። እስኪሸጥ እኔ የት ልዋል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሙላት ስለ ገዢ ያስጠናኝ ሁሉ በደብተሬ አለ፤ እስከዚያ ድረስ ቤቱ ውስጥ ስለምትኖረው ሰው ግን አንድም መስመር አልጻፍኩም። ወደ ልጃችን ዘንድ ተመለሺና ቆይ አልኳት። «አሁን ነው የምትሸኘኝ?» ብላ ሻንጣዋን ይዛ ገባች። በእልህ ቀረች። እኔም ደግሜ አልለመንኳትም። ብለምናት ጥፋቴን ማመን ይሆንብኝ ነበር።

በሳምንቱ አንድ የመተማ ደላላ፣ አቶ ደሴ የሚባሉ ገዢ ይዞ መጣ። ከሽንፋ ናቸው፤ ሰሊጥ ያርሳሉ፣ እድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል። ግቢው መሐል ቆመው ግራ ቀኙን ያያሉ እንጂ ወደ ቤቱ አልተጠጉም።

«መምህር፣ ኒሙ የት ሄደ?» አሉኝ።

ቅጠሉ ግቢ ያቆሽሻል፣ ሥሩም መሠረት ይነካል አልኳቸው። ሥሩ መሠረት ነክቶ አያውቅም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኖብኝ ነው።

ነገሩን ያኔ አጫወቱኝ። እናታቸው አርጅተዋል፤ ሕክምና ወደሚገኝበት ከተማ አምጥተው ሊያኖሯቸው ቤት ይፈልጋሉ። እናትየው ቀን ቤት ውስጥ አይውሉም፣ ይታፈናሉ። አቶ ደሴ ሰሊጥ ጭነው ባለፉ ቁጥር የእኛን ኒም ያዩታል። ቤቱ እንደሚሸጥ ሲሰሙ ለደላላው «ባለ ኒሙ ከሆነ ሌላ አታሳየኝ» ብለውት ነበር።

«ቤትማ ይሠራል» አሉ። «እናቴ ግን አዲስ ዛፍ እስኪያድግ የምትጠብቅበት እድሜ የላትም።»

ውሃ ሰጠኋቸው፣ ጠጡ። እግዜር ደህና ገዢ ይስጥዎ ብለው መርቀውኝ ወጡ። ዘወር ስል ጥሩወርቅ በሩ ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ የጠጡበትን ብርጭቆ ተቀብላኝ ገባች።

ከዚያ በኋላም ሰዎች መጥተዋል። ደላላ ሰው የሚያመጣው በቀትር ነው። ከበሩ ገብተው ሁለት ደቂቃ ሳይቆሙ ላባቸውን እየጠረጉ ይወጣሉ። ከመንገድ አይተውት የገቡት ያ ያማረ ቤት ውስጡ ምድጃ ሆኖ ይቆያቸዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለእኔ ነው፤ እኔ እንዲያውም አፈሰስኩ እንጂ አልለቀምኩም።

ጥፋቴን ላርም ብዬ በእንጨትና በሸራ ራኩባ የምንለውን የጥላ ዳስ ሠራሁ። ሸራው ፀሐዩን ከለከለ እንጂ ሙቀቱን አልከለከለም። በሁለተኛው ሳምንት ነፋስ ገነጣጠለው። እንደገና በቆርቆሮ ብሠራው የባሰ ሆነ።

ጥሩወርቅ ቀን ቀን ወደ ዘይነባ ግቢ መሄድ ጀመረች። ዘይነባ ደግ ናት፤ በደስታ ነው የምትቀበላት። ነገር ግን ሰው ስትቀበል የኖረች ሴት ምንጣፍ በብብቷ ይዛ የሰው በር ስታንኳኳ ማየት ያማል። ዘይነባ እንግዳ ያላት ቀን አላስቸግርም ብላ ትቀራለች። ያን ቀን የምትቀመጠው የቤቱን ግድግዳ ጥላ እየተከተለች ነው፤ ጠዋት በምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በምሥራቅ በኩል። ቀትር ላይ ግድግዳው ጥላ የለውም። ያኔ ወደ ውስጥ ትገባለች።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቀን ለምሳ ከትምህርት ቤት መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። ጥሩወርቅ ከበሩ ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ወድቃለች፤ ይቀዘቅዝልኛል ብላ ነው መሰለኝ መሬቱን ውሃ ረጭታበት ነበር። አፏ ወደ አንድ ወገን ተጣምሟል። ስሜን ልትጠራ ስትሞክር አልወጣላትም። ጮህኩ። ዘይነባ ሮጣ መጣች፤ መኪና ተገኝቶ ጎንደር እስክንደርስ ያን ሁሉ መንገድ ጭንቅላቷን ጭኗ ላይ አድርጋ የያዘቻት እሷ ናት።

ነፍሷ ተረፈ። ግራ ጎኗ ግን ተያዘ። ሐኪሙን ሙቀቱ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ደም ብዛት ነው፣ ምን እንዳስነሳው ግን ይህ ነው ብሎ ለመናገር ያስቸግራል አለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ መልስ ይጽናና ነበር። እኔ ግን በዚያ ቀትር ቤት ውስጥ ለምን እንደገባች አውቃለሁ።

ቤቱ ሰኔ ላይ በርካሽ ተሸጠ። የገዛው ነጋዴ የሰሊጥ ማከማቻ አደረገው። ሙላት ዜናውን ሲሰማ «አየህ፣ ግቢው ሜዳ መሆኑ ጠቀመህ፤ ለመኪና መዞሪያ ይመቻል» አለኝ። አልተቆጣሁትም። እሱ የሚያውቀውን ነው የተናገረው። የመተማን ፀሐይ ሃያ ስድስት ዓመት የማውቀው እኔ ነኝ፤ የማውቀውን ትቼ የማያውቀውን ሰው የሰማሁትም እኔ ነኝ።

አሁን ጎንደር ነን። ጥሩወርቅ በከዘራ ትራመዳለች፣ ንግግሯም ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ግራ እጇ ግን አልተመለሰም። ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን የምቆልፍላት፣ ሻሿን የማስርላት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ እንደ ጆንያ አፍ ነበር የማስረው፤ አሁን ስለለመድኩ «ባለሙያ ወጣህ» እያለች ትስቅብኛለች። ስለ ዛፉ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

ያነሳሁት እኔ ነኝ። ባለፈው የጾም ወቅት፣ ሻሿን እያሰርኩላት ሳለ፣ ፊቷን ስለማላየው ነው መሰለኝ ድፍረት አገኘሁ። ያን ዛፍ ስለቆረጥኩብሽ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ብትደውልልኝ እኮ ቁረጠው እልህ ነበር» አለች። «እኔስ መሸጡን ጠልቼ ነው? ቁረጠው እልህና እስኪሸጥ እዚሁ ልጄ ዘንድ እቀመጥ ነበር።»

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እንዲያውም ቀጥላ ሻሹ እንደጠበቀባት ነገረችኝ፤ ፈትቼ ደግሜ አሰርኩላት። እስከዚያ ቀን ድረስ የምጸጸተው በዛፉ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚያንገበግበኝ አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩት ስልክ ነው።