ዝም ስላልኩ

በቀደም ከደብረ ታቦር አንድ መጠይቅ የሚያስሞላ ሰው ቤታችን መጣ። የወጣት ሴቶችን ጭንቀት ነው የማጠናው አለ።

«ለመሳተፍ ፈቃደኛ ነሽ?» አለኝ።

እኔ እንግዳ ፊት አፌ አይፈታም። አቀርቅሬ የነጠላዬን ጫፍ መቋጠር ያዝኩ። በልቤ ግን እምቢ ብያለሁ፤ የሆዴን ለማላውቀው ሰው አልዘረግፍም።

አጎቴ ሳቀ። «ግዴለም፣ ጻፈው። ሴት ልጅ ዝም ካለች እሺ ማለቷ ነው። እህቷም ስትታጭ እንዲሁ ነበር ያቀረቀረችው።»

እህቴ እሺ እንዳላለች እኔ አውቃለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አጠገቧ ነበር የተኛሁት።

ሰውየው «ፈቃደኛ ነኝ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጎ የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበ፦ «ሳትፈቅጂ ሌላ ሰው የወሰነልሽ ነገር አለ?»

ቀና አልኩ። «አዎ።»

«መቼ?»

«አሁን። እስክሪብቶዎን ይስጡኝ፣ ልሰርዘው።»