የዳንዳ ትምህርት ቤት የተዳረች ዕለት

የዳንዳ ሰው ባቱሊን ከመልኳ ይልቅ በድምፅዋ ያውቃታል። ዳንዳ ከተራራው ወገብ ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ መንደር ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለመድረስ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ቀበሌው መልእክት ሲኖረው ጠሪ ጉብታው ላይ ወጥቶ ይጮኻል። ጠሪው ድሮ ባሏ ሃርከ ነበር። እሱ ሲሞት ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብሎ ሥራው ለባቱሊ ተሰጠ፤ ሌላ ሰው የፈለገ ግን አልነበረም። ላም ጠፋች፣ ክትባት ነገ ነው፣ የውሃ ተራ የእነ እገሌ ነው፤ የሰውን ቃል ተቀብላ ለሰው ታደርሳለች። በመከር ጊዜ እያንዳንዱ ቤት ዳጉሳ ይሰፍርላታል። የራሷን ቃል ግን በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው ከማዘጋጃ ቤቱ የትምህርት ክፍል ኢንድራማኒ የሚባል ወጣት ሹም ደጇ ደረሰ። ላቡን እየጠረገ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚህ በፊት ወላጆችን ለስብሰባ ጠርቶ ነበር፤ በስልክ መልእክት ልኮ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፎ። የመጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱም ቢሆን የጠፋች ፍየሉን ሲፈልግ የገባ ነው።

“እትዬ ባቱሊ፣ እርስዎ ካልጠሩልኝ ማንም አይመጣልኝም።”

“ምን ብዬ ልጥራ ሰር?”

ወረቀቱን አውጥቶ አነበበ። “የትምህርት መዋቅር ማሻሻያ ዕቅድን ለባለድርሻ አካላት የማስተዋወቂያ መድረክ።”

“ይኼን እንኳን እኔ፣ ነፋሱም አይሸከመውም። በሰው አፍ ይንገሩኝ።”

ሳቀ። “የእናንተ ትምህርት ቤትና የቤሲ ትምህርት ቤት ተጣምረው አንድ ሊሆኑ ነው።”

“ማን ወደ ማን ቤት ይሄዳል?”

“የዳንዳ ልጆች ወደ ቤሲ ይወርዳሉ።”

“እንግዲያ ሙሽራዋ እኛ ነና!” አለች። አፏ ሳቀ እንጂ ልቧ ራቴ ወንዝ ላይ ነበር። ቤሲ ከወንዙ ማዶ ነው። ራቴ በበጋ ሕፃን ይሻገረዋል፤ በክረምት ጎሽ ይወስዳል። ወላጆቿ ማሌዥያ ለሥራ ስለሄዱ ከባቱሊ ጋር የምትኖረው የልጅ ልጇ ጁኔሊ ደግሞ አራተኛ ክፍል ልትገባ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጉብታው ላይ ወጥታ እጆቿን አፏ ዙሪያ አድርጋ ጮኸች።

“ኦሆይ! ስሙ! የዳንዳ ትምህርት ቤት ለቤሲ ትምህርት ቤት ልትዳር ነው! ልጅ ያለው ሁሉ ቅዳሜ ረፋድ ግቢዋ ይገኝ! በኋላ ሳንጠየቅ ዳሯት እንዳትሉ!”

ቅዳሜ ግቢው ሞላ። ጆሮው ከበድ የሚለው አዛውንት ቴክማን የእውነት ሰርግ መስሎት በሰርግ የሚነፋውን ትልቁን የነሐስ ቀንዱን ተሸክሞ መጣ። “ሙሽራዋ የታለች?” ሲል፣

“ተቀምጠህባታል አያ!” አሉት ሴቶቹ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ከማዶም የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ዳምበር የቤሲን ወላጆች አስከትሎ ደረሰ። “ሙሽራችንን ልናይ መጣን። ጣሪያዋ ያፈሳል ሲሉ ሰማን።”

“ሙሽራውስ? መስኮት የለውም አይደል?” አለች አንዷ የዳንዳ እናት።

“መስኮት የለውም፣ ግን ፀባዩ ጥሩ ነው!”

ኢንድራማኒ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። የሰርጉን ጨዋታ ተከትሎ እንደ ሽማግሌ ያስረዳ ጀመር። ዳንዳ ውስጥ ለአምስት ክፍል ያሉት ሁለት መምህራን ናቸው፤ ሲጣመሩ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መምህር ይደርሳል። ቤተ መጻሕፍትም ይከፈታል። ወላጆቹ ይህን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደዱት። “እንግዲህ የሚቃወም ከሌለ...” አለ ኢንድራማኒ።

ባቱሊ ተነሣች። አሁን የምትናገረውን ቃል ማንም አልሰጣትም።

“እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ” አለች ቀስ ብላ።

“አይሰማም!” አለ ቴክማን። “ባቱሊ ነሽ እንዲህ የምታንሾካሽኪው?”

ሳቁ አበረታት። ወደ ዳምበር ዞረች። “አንተ የወንድ ወገን ነህ አይደል?”

“ነኝ፣ ምን ጠፋ!”

“በአገራችን ወግ ሙሽራዋን ወንዝ አሻግሮ የሚወስዳት ማነው? ራሷ ናት ቀሚሷን ሰብስባ የምትሻገረው?”

“ኧረ ነውር ነው! የወንድ ወገን ነዋ የሚያሻግራት።”

“እንግዲያ ራቴን አሻግሩልን። ክረምት ሲገባ ልጆቼን ለውሃ አልድርም። ትንንሾቹ ደግሞ ገና የወተት ጥርሳቸው አልረገፈም፤ እናታቸው ቤት ይቆዩ።”

ዳምበር ቆቡን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። የገዛ አፉ ነው የያዘው።

“ያዘችህ!” ብሎ አንድ የራሱ የቤሲ ሰው ጮኸ።

“ያዘችኝ” አለ ዳምበር። “እሺ፣ ድልድይ እንሠራለን፤ ግንዱ ከእኛ ጫካ፣ ጉልበቱም ከእኛ። ሽቦውን ግን መንግሥት ያምጣ፤ አባትየው ዝም ብሎ ሊድር ነው እንዴ?” ሁሉም ወደ ኢንድራማኒ ዞረ። እሱም ሽቦውን ከማዘጋጃ ቤቱ ለማስፈቀድ፣ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያሉትም ዳንዳ እንዲቀሩ ዕቅዱን ለማሻሻል ቃል ገባ። ቴክማን ምን እንደተባለ ባይሰማም ሰው ሲያጨበጭብ አይቶ ቀንዱን ነፋ። ከዚያ ወዲያ ስብሰባ አልነበረም፤ ጭፈራ ነበር።

የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ራቴ ጭቃ ለብሶ እያጓራ ይወርዳል። ባቱሊ ጁኔሊን እስከ ወንዙ ሸኘቻት። ቤሲዎች የሠሩት ድልድይ የግንድ ነው፤ ግራ ቀኙን የሽቦ መያዣ አለው።

“ሽቦውን ያዢ” ልትላት አፏን ስትከፍት ልጅቷ መሐል ደርሳለች። እዚያ ቆማ ድልድዩ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ሁለቴ ዘለለችበት። አልተንቀጠቀጠም። ማዶ የቆሙት የቤሲ ልጆች “ነይ! ነይ!” ይሏታል። ሮጣ ተሻገረች፤ ወደ ኋላም አላየችም።

ባቱሊ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ቀሚሷን ሰብስባ ግንዱ ላይ ወጣችና እሷም መሐሉ ላይ ሁለቴ ዘለለች።