ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ካሚዮን

ፍሪሲዮን መመርመር የተማርኩት አስመራ ነው። የእሽቅድምድም መኪና የሚያዘጋጅ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ በዘበኝነት ገብቼ በመካኒክነት ወጣሁ። ሰውየው ምላሱ ጅራፍ ነበር፤ የነገረኝ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። መኪና ከቆመበት ሲነሳ ብቻ ከተንቀጠቀጠ፣ ከተነሳ በኋላ ደህና ከሄደ፣ ጎማውንም ሞተሩንም አትውቀስ። የሞተሩን ጉልበት ለጎማ የሚያቀብለው ፍሪሲዮን ነው የታመመው። ዲስኩ ደረቅ ሆኖ መያዝ ሲገባው፣ ቅባት ከነካው አንዴ ይይዛል፣ አንዴ ይለቃል፤ መኪናው ወባ እንደያዘው ሰው ይርገፈገፋል።

በጃንሆይ ዘመን ወደ ፎገራ ተመለስኩና ከጣሊያን ጊዜ የተረፈች አሮጌ ካሚዮን ገዛሁ። ከይፋግ ወረታ ኑግም ቅቤም ሰውም እጭንባት ነበር። አባቴ ለበሬ ቀንበር ምራንና ጠፍር የሚሠሩ ሰው ነበሩ፤ በቀንድ ሞራ ይዘው ቆዳ ሲያለሰልሱ ይውላሉ። ካሚዮኗን ይወዷት ነበር። ጠዋት ስንገናኝ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ የእሷን አዳር ነው።

ሰኔ ሲገባ ፍሪሲዮኑ በተረገጠ ቁጥር ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ደጃችን አቁሜ የወለሉን ጣውላ አንስቼ ክዳኑን ከፈትኩ። አባቴ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ያ ምንድን ነው?»

«ዲስኩ ነው፣ አባየ። ብረቱ ላይ እንደ ቆዳ ያለ ነገር በምስማር ተመትቶበታል።»

«ደርቋላ! ይህ እኮ የደረቀ ቆዳ ድምፅ ነው።»

«ያረጀ ነገር መቼም ይደርቃል» ብዬ ሳቅሁና ብሎን ፍለጋ ወረታ ሄድኩ። ተመልሼ ክዳኑን ገጥሜ ብረግጠው ድምፁ የለም። ደስ አለኝ። ብረት ራሱን ሲያድን አይቼ አላውቅም ነበር፣ ግን ማን የመጣለትን በረከት ይመረምራል?

ብዙ ሳይቆይ መንቀጥቀጡ መጣ። ሞተሩ የታሰረባቸውን ብሎኖች አጠበቅሁ፣ ከሥር የሚሸከማትን ባሌስትራ ፈተሽኩ፤ ምንም የለበትም። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች ይሻላታል፣ ስትሞቅ ይብስባታል፤ መንገድ ከያዘች ጸጥ። የጣሊያኑ ምርመራ ልክ ነበር፣ ዲስኩን ቅባት ነክቶታል። ከሞተሩ የሚሾልክ ዘይት ነው አልኩ። በክዳኑ በኩል የሚታየው የዲስኩ ጠርዝ ብቻ ነው፤ ሙሉውን ለማየት የማርሹን ሳጥን፣ ካምቢዮውን፣ ማውረድ ያስፈልጋል፤ ለዚያ ደግሞ ደረቅ መሬት ያሻል። ክረምቱ ቀደመኝና ካሚዮኗን ዋናው መንገድ ዳር አቆምኳት።

ሐምሌ ላይ እናቴ ሆዷን ታመመች። ጠበሉም አልያዘላት፤ ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ጎንደር ሐኪም ቤት ካልደረሰች ተስፋ እንደሌላት ሁላችንም ገብቶናል። ጎረቤት በቃሬዛ፣ ውኃው ጉልበቱ ድረስ እየመጣ፣ እስከ መንገዱ ተሸከማት። አባቴ ከኋላ ተቀምጠው ራሷን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ካሚዮኗ እየተርገፈገፈች ተነሳች፤ ከተነሳች በኋላ ግን ደህና ሄደች፣ እኔም እግዜርን አመሰገንኩ።

የርብ ወንዝ ሞልቶ መንገዱ ላይ ፈሷል። ከዚያ ስንደርስ ውኃ የሸሸ የከብት መንጋ መንገዱን ዘጋው። መቆም ግድ ሆነ። ከብቱ አለፈ፣ ካሚዮኗ ግን ከጭቃው አልነሳ አለች። ፔዳሉን ቀስ ብዬ በለቀቅሁ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች፣ ጎማው ባለበት እየዘለለ ይቀበራል፣ እናቴ ከኋላ ትጮኻለች። ብለቅም የምትጮኸው እሷ፣ ባልለቅም የምትሞተው እሷ። በመጨረሻ ሞተሩ ብቻውን እየጮኸ ጎማው መዞሩን ተወ፤ ከወለሉ ሥር የስብ ጭስ ወጣ። የከብቱ ባለቤቶች በሬ ጠምደው፣ አባቴ ለቀንበራቸው በሠሩላቸው ጠፍር አስረው ጎተቱን። ደረቅ ላይ ስንወጣ የእናቴ ድምፅ የለም። ዞሬ ሳይ አባቴ ፊቷን በጋቢያቸው ሸፍነውታል።

ከሰልስቱ በኋላ ሰው ለምኜ ካምቢዮውን አወረድኩ። የሞተሩ ዘይት ጠብታ አልወጣም። ዲስኩ ላይ ያገኘሁት ጥቁር፣ የረጋ ሞራ ነው። ሽታው የልጅነቴ ሽታ ነው፤ የአባቴ እጅ ሽታ።

አባቴ መጥተው አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ልንገርህ ልጄ፣ እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ለት ወረታ ስትሄድ ሞራ ቀብቼለት ነበር። ድምፁን ተወ አይደል? ግን የሰኔ ጦም ነበር፤ ከብት አልታረደ፣ ሞራየ ተሟጧል። ለምራኔ ብየ ሰሰትሁና ስስ አድርጌ ቀባሁት። እንደ ቀንበር ጠፍር ባጠግበው ኑሮ ያደርሳት ነበር። የኔ ስስት ነው የገደላት።»

ተናደድኩ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ልላቸው አፌ ተከፍቶ ነበር። ቀና ስል አገጫቸው ይንቀጠቀጣል።

«የለም አባየ» አልኩ። «ዲስኩ አርጅቶ ነው። የርስዎ ሞራ ባይኖር እዚያም አንደርስም።»

ድንጋዩን ተደግፈው ተነሱ። የፍልሰታ ጦም ተፈትቶ ከብት ሲታረድ፣ የሞራ ቀንዳቸውን አፍ እስከ ገደፉ ሞልተው ካሚዮኗ ውስጥ ከወንበሬ ሥር አስቀመጡልኝ። «እንግዲህ አትሰስት» አሉኝ። ካሚዮኗን እስክሸጣት ድረስ ያ ቀንድ ከዚያ አልተነሳም፤ ፍሪሲዮን በረገጥኩ ቁጥር ተረከዜን ይነካኝ ነበር።